ከላሊበላ ጎንደር ስንት ነው? 178፣ 360 ወይስ 750?

በመድረካችን ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተችው ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር እህታችን ናት። እናቷን ይዛ ለገና ላሊበላ መግባት፣ ከዚያ ለጥምቀት ጎንደር መሻገር ትፈልጋለች። የሁለቱን ኤርፖርቶች ርቀት ስታፈላልግ የተለያየ ቁጥር መጣባት። አንዱ ድረ ገጽ 178 ኪሎ ሜትር ነው፣ በረራው ግማሽ ሰዓት ነው ይላል። ሌላው 96 ብሎ ዝም ይላል። የመንገድ ካርታው 360 ገደማ አሳያት። ቲኬት ልትቆርጥ ስትገባ ደግሞ ጉዞው በአዲስ አበባ ዞሮ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሆነ። እናቷ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ረጅም ሰዓት መቀመጥ አይችሉም። የትኛውን ልመን ነው ጥያቄዋ።

ይህ ጥያቄ ገና በቀረበ ቁጥር ይነሳል። የሚጠይቀው ሰው ብዙ ጊዜ አዛውንት ወላጅ ይዞ የሚመጣ ነው። ለዚህ ሰው በግምት የተሰጠ መልስ በዓሉን ሙሉ ሊያበላሽበት ይችላል። ስለዚህ ክሩን ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ፣ የተባለውን በየተራው ላውጋችሁ። የማልስማማበት ቦታ ላይም ሐሳቤን እናገራለሁ።

መልስ 1 የመጣው ከጎንደር ነው። ጸሐፊው እንኳን ደህና መጣሽ ብሎ ጀመረ። እናቷንም በጨዋ ደንብ፣ እንደ ራሱ እናት፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት አላቸው። ከዚያ 178ቱ ትክክል ነው አለ። ካርታ ላይ ከላሊበላ ኤርፖርት እስከ አዘዞው አፄ ቴዎድሮስ ኤርፖርት ቀጥ ያለ መስመር ብታሰምሪ የምታገኚው እሱን ነው። ግማሽ ሰዓቱም ልክ ነው፣ አትጨነቂ ብሎ ዘጋ።

መልስ 2 እዚያው ላይ አረመው። ግማሽ ሰዓት ልክ የሚሆነው ቀጥታ የሚበር አውሮፕላን ካለ ነው አለ። ቀጥታው የሚኖርበት ወቅት አለ፣ የማይኖርበትም ወቅት አለ። ድረ ገጾቹ ግን አውሮፕላን ይኑር አይኑር አይጠይቁም። ሁለት ነጥብ ይወስዳሉ፣ ርቀቱን ያሰላሉ፣ በአንድ የተለመደ ፍጥነት ያካፍላሉ፣ ለመነሻና ለማረፊያ ትንሽ ደቂቃ ይጨምራሉ። ማንም በማይበርበት መስመር ላይ እንኳን የበረራ ሰዓት ይሰጣሉ። ይህ መልስ አጭር ነበር፤ ግን የክሩ ዋና ነገር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ሳያነቡት አለፉ።

መልስ 3 የ96ን ነገር ፈታ። 96 ኪሎ ሜትር አይደለም፣ ኖቲካል ማይል ነው። በባሕርና በአየር ጉዞ የሚሠራበት ልክ ነው። አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 96ቱ 178 አካባቢ ይመጣል። አሜሪካኖቹ በመኪና መንገድ የሚለኩበት ማይል ደግሞ ሌላ ነው፤ በእሱ ሲሆን 111 ነው። ስለዚህ ሦስቱም ቁጥር አንድ ርቀት ነው። ጠያቂዋ ወዲያው አመሰገነችው።

መልስ 4 ላይ ትንሽ ልቆይ። የጻፉት በአውሮፕላን ጥገና ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ግማሽ ሰዓቱ በውስጡ ምን እንዳለ ከፋፍለው አሳዩ። በአገር ውስጥ መስመር ላይ በብዛት የሚታየው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400፣ ከፍታውን ይዞ ሲጓዝ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። 178 ኪሎ ሜትር በዚያ ፍጥነት 18 ደቂቃ አይሞላም። ታዲያ ሌላው 12 ደቂቃ የት ሄደ? አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነስቶ በዝግታ እስከ ሜዳው ጫፍ ይሄዳል። ተነስቶ ከፍታ ሲይዝ ያን ፍጥነት ገና አላገኘም። የተነሳበት አቅጣጫ ከመድረሻው ተቃራኒ ከሆነ ዞሮ ነው መስመሩን የሚይዘው። እንዲህ ባለ አጭር በረራ ደግሞ ከፍታው ላይ ብዙም አይቆይም። ወጣ ሲባል መውረድ ይጀምራል። ሲያርፍም ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ተሰልፎ፣ አርፎ፣ እስከ መቆሚያው ይነዳል። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ይህን ሁሉ ይዞ ነው፤ ከመቆሚያ እስከ መቆሚያ።

ጋሼ አንድ ነገር ጨመሩ። ሁለቱም ኤርፖርቶች ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር ያልፋል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ክንፉም ሞተሩም ከዚያ ስስ አየር ጋር ነው የሚሠሩት። አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ የባሰ። ጠዋት ጠዋት የሚበረው በረራ ለዚህ አገር ተስማሚ ነው አሉ። ስለ ነፋሱም ጻፉ። በበጋ ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሚነፍስ ከላሊበላ ወደ ጎንደር የሚሄደውን ከኋላ ይገፋዋል። ግን በዚህ አጭር ርቀት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ የሚቀይረው አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ሰው ስለ ነፋስ ብዙ ያወራል፤ ለዚህ መስመር ግን ነፋሱ ከቁም ነገር አይገባም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረር አለ። መልስ 5 መሬት ክብ ስለሆነች ቀጥታ መስመር የሚባል ነገር የለም፣ 178ቱ ስህተት ነው አለ። መልስ 6 አሰላው። በዚህ ርቀት መሬትን ተከትሎ በሚሄደው መስመርና መሬትን ሰንጥቆ በሚያልፈው መካከል ያለው ልዩነት 6 ሜትር ገደማ ነው። ይልቅ አውሮፕላኑ 5 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ በመብረሩ የሚጨምረው ይበልጣል፤ እሱም ቢሆን 140 ሜትር ነው። የ5 ጸሐፊ በዚህ ተናደደ። መልስ 7 ላይ ተመልሶ መጥቶ በሒሳብ ሰው መናቅ አትችልም አለ። መልስ 8 ደግሞ አንተ ራስህ ነህ ያልጠየቁህን የጀመርከው ብሎ መለሰለት። 9ና 10 ስድብ ነበሩ። አልደግማቸውም። የመድረኩ አስተባባሪ አጠፋቸው፣ ደግ አደረገ።

ስለ 6 ሜትር መጣላት ያሳዝናል። ያም ሆኖ መልስ 6ን እወደዋለሁ። ልዩነቱ ትንሽ ነው ብሎ በጥቅሉ ማለፍ ይችል ነበር። እሱ ግን ስንት እንደሆነ አሳየ። ቁጥሩ ከታየ በኋላ ክርክሩ መቆም ነበረበት።

መልስ 11 ላይ አንዲት እናት ገቡ። ልጆቼ ብለው ነው የጀመሩት። ሴትየዋ እኮ የጠየቀችው ስለ እናቷ ጉልበት ነው አሉ። ስለ መሬት ክብነት ማንም አልጠየቀም። ጽሑፋቸው ከሦስት መስመር አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ጨዋ ሆነ።

መልስ 12 የቆዩ መንገደኛ ናቸው። ድሮ ታሪካዊው መስመር የሚባለውን አስታወሱን። አንዱ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም እያረፈ ነበር የሚሄደው። አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው ይሳፈራል። ያኔ ከጎንደር ላሊበላ ቀጥታ መብረር ብርቅ አልነበረም፤ መንገድ ላይ ያለ ማረፊያ ነበርና። በኋላ ፎከር 50 መጣ። ኪው 400 ደግሞ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ገባ፤ ፈጣንም ነው፣ ሰባ ምናምን ሰውም ይይዛል። የላሊበላው የድሮ ሜዳ አስፋልት አልነበረውም። ክረምት ሲገባና ሲጨቀይ በረራው ይቆም ነበር። ያኔ በሐምሌ ላሊበላ በአውሮፕላን እሄዳለሁ የሚል ሰው አልነበረም አሉ።

ይህን ያነበበ አንድ ወጣት፣ መልስ 13፣ ታዲያ ዛሬ ለምን ያ ቀረ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ መለሱለት። አንድ አውሮፕላን አራት ቦታ እያረፈ ሲሄድ፣ አንዱ ጋ ቢዘገይ ሁሉም ይዘገያል። አዲስ አበባን መሐል አድርጎ ወደየከተማው ደርሶ መልስ መብረር ለድርጅቱ ይቀላል። ከውጭ የሚመጣውም መንገደኛ የሚያርፈው እዚያው ነው። ጎረቤት ከተማ ወደ ጎረቤት ከተማ የሚሄደው ሰው ግን በዚህ አሠራር ይጎዳል። ከላሊበላ አዲስ አበባ በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ደግሞ 420 ገደማ። ተደምሮ 750 ነው። 178ን ለመሻገር 750 መብረር ማለት ነው። በርዕሱ ላይ ያስቀመጥኩት ሦስተኛ ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው።

መልስ 14 ከመንገዱ ወጣ ያለ ነበር። እኔ ግን ከክሩ ሁሉ ያስደሰተኝ እሱ ነው። ጸሐፊው የበለሳ ልጅ ነው። አባቱ ለገና ላሊበላ በእግር ይወርዱ ነበር። በሶና ዳቦ ቆሎ በስልቻ ቋጥረው፣ ከመንደራቸው ሰዎች ጋር ሆነው፣ ቀን ቀን እየተጓዙ፣ ሲመሽ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም የእግዜር እንግዳ ብለው ሰው ቤት እያደሩ ይሄዱ ነበር። ተከዜን ተሻግረው በቡግና በኩል ነው የሚገቡት። ልጁ ካርታ አውጥቶ አየ። የአባቱ የእግር መንገድ ከአውሮፕላኑ መስመር ብዙም አይርቅም! መኪናው ግን በዚያ አያልፍም። መኪናው ከጎንደር ተነስቶ ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ አዲስ ዘመንን አልፎ ወረታ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦር ጋሸና ይገባል፣ ከጋሸና ደግሞ ወደ ሰሜን ላሊበላ ይወጣል። ሦስት ጎን ያለው ትልቅ ዙሪያ ነው። 178ቱ 360 የሚሆነው ለዚህ ነው።

መልስ 15 ያን ዙሪያ በደንብ የሚያውቅ ሾፌር ነው። ቱሪስት ጭኖ ዓመታት የተመላለሰበት ነው። ከጎንደር እስከ ወረታ ያለው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀላል ነው አለ። ከወረታ በኋላ ቻይናዎች በደርግ ጊዜ የሠሩት መንገድ ይጀምራል። ሽቅብ ነው። ክምር ድንጋይ አካባቢ የጉና ተራራ ጥግ ጥጉን ይኬዳል። ነፋስ መውጫ ላይ ስሙም አየሩም አንድ ነው፤ ቆላ ልብስ ለብሶ የሄደ ሰው ይንዘፈዘፋል። ጋሸና ላይ ወርዶ ሻይ የማይጠጣ ሾፌር የለም። ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ናት። ለብዙ ዓመት ጠጠር የነበረችው ቁራጭ እሷ ናት፤ ከአጠቃላይ መንገዱ በላይ ሰው የሚያደክመው እዚያ ላይ ነበር። መንገዱ ሰላም ሆኖ፣ ጠዋት በጊዜ ተነስተሽ፣ ምሳ በልተሽ፣ የ9 ሰዓት ያህል ጉዞ ያዢ ብሎ መከራት። እናትሽ በየሰዓቱ ወርደው እግራቸውን ማፍታታት አለባቸው፤ ያን ከደመርሽበት ይመሻል አለ። ሰላሙንም ከመነሳትሽ በፊት አገሩ ውስጥ ያለ ሰው ጠይቂ አላት። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚያ አካባቢ እንዳለፈ፣ በ2015 ነሐሴም የላሊበላና የጎንደር በረራ ራሱ ለቀናት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ የማይለካበት ጊዜ አለ።

መልስ 16 ከእስራኤል መጣ። ጸሐፊዋ ከጎንደር አካባቢ በልጅነቷ የሄደች ናት። እዚያም ተመሳሳይ ነገር አለ አለች። ኤይላት ድሮ ኤርፖርቷ መሐል ከተማ ነበር፤ ሻንጣህን እየጎተትክ ሆቴል ትገባለህ። በፈረንጆች 2019 ራሞን የሚባል አዲስ ኤርፖርት ተከፈተ፤ ከከተማው 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በረራው ያው ነው። ጉዞው ግን ረዘመ። ላሊበላም እንደዚያው ነው ብላ አመሳሰለች። ኤርፖርቱ ከከተማው 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማው 2,500 ሜትር ላይ ነው፤ ኤርፖርቱ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ቆላው ላይ አለ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ለመብረር ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ መኪና ውስጥ ትቀመጣለህ። ይህ መልስ ብዙ ምስጋና አገኘ። የሚገባውም ነው።

ከዚህ በኋላ ጨዋታው ወደ ስኮትላንድ ሄደ። አንዱ በዓለም አጭሩ መደበኛ በረራ በኦርክኒ ደሴቶች መካከል ያለው 2.7 ኪሎ ሜትር እንደሆነ ጻፈ። ሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ተብሎ የተመደበ ነው። ነፋሱ ከረዳ ከአንድ ደቂቃ በታች ይጨርሰዋል። ሌላው የኛን 178 አጭር አትበሉ አለ። ጥሩ ወሬ ነው፤ ለጠያቂዋ ግን አይረዳም።

ቁም ነገር የነበረው መልስ 19 ነው። የአንድ አባት ታሪክ ነው። ልጃቸው ከውጭ ቲኬት ቆርጦ በስልክ ላከላቸው። ትኬቱ ላይ 07:00 ይላል። እሳቸው ሰባት ሰዓት ብለው አነበቡት። ምሳቸውን በልተው፣ ነጭ ለብሰው፣ በስድስት ሰዓት ኤርፖርት ደረሱ። አውሮፕላኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሄዷል። በሩ ላይ የነበረው ሠራተኛ ያለፈ ነገር ነው ብሎ መለሳቸው፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳቸውም። ቲኬቱም ተቃጠለ። ጸሐፊው የልጅ ልጃቸው ነው፤ አሁንም ሲጽፈው ይናደዳል። መናደዱ ትክክል ነው። ስለዚህ ለወላጅ ቲኬት የምትልኩ ሁሉ፣ ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር በፊደል ጽፋችሁ ላኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ብላችሁ። ከትኬቱ ሰዓት ላይ ስድስት መቀነስ ለኛ ቀላል ነው፤ ለእነሱ ግን የማናስበው ወጥመድ ነው።

መልስ 20 ይህ የሽማግሌው ጥፋት ነው፣ ሰው መጠየቅ ነበረባቸው አለ። 21፣ 22 እና 23 ተረባርበው መለሱለት። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የሰባ ዓመት ሰው በዘመኑ ሁሉ የቆጠረውን ሰዓት ነው ያነበበው።

መልስ 24 የኔ ነበር። ሰው ሁሉ ቁጥሩን ከኤርፖርት እስከ ኤርፖርት ስለሚቆጥር፣ እኔ ከቤት እስከ ቤት ቆጠርኩት። ቀጥታ በረራ ቢኖር፣ ከላሊበላ ሆቴል እስከ ኤርፖርት 40 ደቂቃ። ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ። ግማሽ ሰዓት በረራ። ሻንጣ ተቀብሎ ከአዘዞ ጎንደር ከተማ ለመግባት ሌላ 40 ደቂቃ። አራት ሰዓት ይጠጋል። በአዲስ አበባ ዞሮ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰዓት ወደ ቦሌ፣ ቦሌ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት መጠበቅ፣ አንድ ሰዓት ከምናምን ወደ ጎንደር። ከቤት እስከ ቤት ስምንት ሰዓት ያልፋል። ሾፌሩ በመኪና ዘጠኝ ነው ብሏል። እንግዲህ በዞረው አውሮፕላንና በመኪና መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ድረ ገጹ ላይ ያለችው ግማሽ ሰዓት ከዚህ ሁሉ ውስጥ ትንሿ ክፍል ናት።

መልስ 25 ይህን ሒሳብ አልወደደውም። ሰው ማስፈራራት ነው አለኝ። ደግሞም ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ለትንሽ ኤርፖርት አያስፈልግም ብሎ ተከራከረ። በአዘቦት ቀን እውነት ሊኖረው ይችላል። በገና ሰሞን ግን አይደለም። ያን ሰሞን ተጨማሪ በረራ ይመደባል፣ ሕዝቡም ብዙ ነው። ከበር ላይ ፍተሻ ጀምሮ ሰልፍ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ይዞ በመጨረሻዋ ደቂቃ መሮጥ ምን ይሠራል? በዚህ ሐሳቤ እጸናለሁ።

ክሩን ወደ መልካም የመለሰችው መልስ 27 ናት። የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ጥያቄዋ ቀላል ነው። ለምን በአንድ ቀን ትሻገራላችሁ? ገና ታኅሣሥ 29 ነው። ጥምቀት ጥር 11። በመሐል 12 ቀን አለ። እናትሽ አዲስ አበባ ዘመድ የላቸውም ወይ? ከላሊበላ ወደ አዲስ አበባ አንድ አጭር በረራ። እዚያ ሳምንት አርፈው፣ ዘመድ ጠይቀው፣ ከዚያ ወደ ጎንደር ሌላ አጭር በረራ። እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ገደማ መቀመጥ ነው። ቦሌ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም። 750 ኪሎ ሜትሩ ለዚህች እናት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ይሆናል!

ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። እስከዚያ ድረስ ሁላችንም የትኛው ያጥራል ብለን ነበር የምንከራከረው። ጠያቂዋ ግን መቸኮል አልነበረባትም። ለታመመ ጉልበት ዋናው ነገር በአንድ ጊዜ ስንት ሰዓት ሳይታጠፍ፣ ሳይዘረጋ መቀመጥ እንዳለበት ነው። በዚያ ሲለካ 360ው የመጨረሻ ነው። 178ቱ አንደኛ ነው፣ አውሮፕላኑ ካለ። 750ውም ለሁለት ከተከፈለ አይከፋም።

ጋሼ በመልስ 28 ተመልሰው አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመሩ። እንደ ላሊበላ ባሉ ኤርፖርቶች መንገደኛው ሜዳውን በእግሩ አቋርጦ ነው አውሮፕላኑ ጋ የሚደርሰው። ኪው 400 ደረጃው ከበሩ ጋር አብሮ የሚዘረጋ ነው። ጥቂት እርከን ነው፣ መያዣ አለው፣ ዝቅ ያለ ነው። ቦይንግ 737 የመጣ እንደሆነ ግን ደረጃው ረጅም ነው። ስለዚህ ቲኬት ሲቆረጥ ዊልቸር ይጠየቅ። በዕለቱ በር ላይ ሳይሆን ያኔውኑ፣ ቲኬቱ ላይ ተጽፎ። ዊልቸር ማለት ለማይራመድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ደረጃ ለሚያስቸግረውም ነው አሉ። ብዙ እናቶች በኩራት አያስፈልገኝም እንደሚሉም ያውቃሉ። ልጇ ዝም ብላ ትጠይቅላቸው።

ከ29 እስከ 33 ያሉት ስለ ሻንጣ ኪሎና ስለ ቲኬት ዋጋ ነበሩ። አንዱ ከውጭ በዚያው አየር መንገድ የመጣ ሰው ለአገር ውስጥ በረራ ቅናሽ እንደሚያገኝ አስታወሰ። ቁጥሩ ስለሚቀያየር ስትቆርጡ ጠይቁ ከማለት በቀር የምጨምረው የለም።

ጠያቂዋ በመልስ 34 ተመለሰች። የአክስቷ ልጅ ቦሌ አካባቢ ስለሚኖር በአዲስ አበባ ሊያርፉ ወስነዋል። እናቷ ሐሳቡን ሲሰሙ እህቴን አያታለሁ ብለው ደስ ብሏቸዋል። ዊልቸሩንም አስመዝግባለች። የላሊበላው ሆቴል ግን ገና አልተገኘላትም። በዚያ ሰሞን ማለት ነው እንግዲህ። አልጋ ያለው ወይም የሚያውቅ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍላት።

ክሩ ላይ አሁን ሌሎች ከተሞች መጥተዋል። ባሕር ዳርና ጎንደርን የጠየቀ አለ፤ በአየር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በመኪና 180 ገደማ ነው። እዚያ መኪናው ይሻላል ያሉት ይበዛሉ፣ ከቤት እስከ ቤት ሲቆጠር እኔም እስማማለሁ። ድሬዳዋና ጅግጅጋን የጠየቀም አለ። በአየር 120 ገደማ፣ በሐረር በኩል በመኪና 155 አካባቢ ነው። እነዚህ ራሳቸውን የቻለ ክር ስለሚገባቸው አስተባባሪው ለየብቻ ከፍቶላቸዋል። ዘንድሮ ከላሊበላ ጎንደር ቀጥታ የበረረ ሰው ካለ ግን እዚሁ ይጻፍ። ቀኑን፣ የተነሳበትንና ያረፈበትን ሰዓት በኛ አቆጣጠር፣ የአውሮፕላኑንም ዓይነት። ለሚቀጥለው ጠያቂ ከድረ ገጹ ስሌት ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው።